ብጉርና የዘር ውርስ፦ ከወላጆቻችን ምን እንወርሳለን?

ፊቱ ላይ ብጉር የበዛበት ወጣት ከዘመድም ከባዳም የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ፊትህን ቶሎ ቶሎ ታጠብ፣ ቅባት የበዛበት ምግብ ቀንስ፣ እጅህን ከፊትህ ላይ አንሳ ይባላል። ምክሩ በቀና ልብ የሚሰጥ ቢሆንም በውስጡ አንድ ፍርድ ይዟል፤ ብጉሩ የወጣው ልጁ ንጽሕናውን ስላልጠበቀ ወይም አመጋገቡን ስላላስተካከለ ነው የሚል ፍርድ። ይህ ፍርድ በአብዛኛው መሠረት የለውም። ማን ብጉር እንደሚጸናበትና ማን እንደሚቀልለት ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከአባትና ከእናት የምንወርሰው ዘረመል መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ያለአግባብ የተጫነን ጥፋተኝነት ከማንሣት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ሕክምናን መቼ መጀመር እንዳለብንም ይጠቁማል።

ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ የተከታተልሁት በራሴ ቤተሰብ ምክንያት ነው። በአባቴ ጉንጮች ላይ ከወጣትነቱ የቀሩ ጎድጓዳ ጠባሳዎች አሉ። ታላቅ እህቴና እኔ በጉርምስናችን ፊታችን ብቻ ሳይሆን ጀርባችንና ትከሻችን ሳይቀር በብጉር ተሸፍኖ ነበር። ታናሽ ወንድማችን ግን በዚያው ቤት አድጎ፣ በዚያው ሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያው ማዕድ በልቶ፣ አልፎ አልፎ ግንባሩ ላይ ከምትወጣ ፍሬ በስተቀር ምንም ሳይነካው ዕድሜውን ተሻገረ። እናቴ ልዩነቱን ስትመለከት እህቴንና እኔን «ፊታችሁን ስለምትነካኩ ነው» ትለን ነበር። ወንድሜም ፊቱን ከመነካካት የተቆጠበ ልጅ አልነበረም። ታዲያ በአንድ ቤት ያደጉ የአንድ አባትና እናት ልጆችን እንዲህ የሚለያቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም።

ውርስ በብጉር ላይ ያለውን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ ብጉር ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር ማየት ያስፈልጋል። በፊት፣ በደረትና በጀርባ ቆዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የአንዲት ፀጉር መውጫ ናቸው፤ ፀጉሯ ብዙ ጊዜ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀጭን ናት። ከፀጉሯ ሥር ጎን ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ ተጣብቆ ይገኛል፤ ወዙም በቀዳዳው በኩል ወጥቶ ቆዳን ያለሰልሳል። በጉርምስና ዕድሜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ ሲጨምሩ ዕጢው ያድጋል፤ ወዙም ይበዛል። በዚያው ጊዜ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሕዋሳት እንደወትሯቸው ተራግፈው ከመውጣት ይልቅ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። የተደፈነው ቀዳዳ ላዩ ክፍት ከሆነ ጥቁር ነጥብ፣ ዝግ ከሆነ ደግሞ ነጭ ፍሬ ሆኖ ይታያል። የጥቁሩ ነጥብ ጥቁረት ከእድፍ የመጣ አይደለም፤ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለምና አየር ያገኘው ወዝ የሚሰጡት መልክ ነው፤ ቢያሹት ቢያጥቡት የማይለቀውም ስለዚህ ነው።

በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ወዙን እየተመገበ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ለብዙ ዓመታት ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኒስ ይባል የነበረው ይህ ባክቴሪያ ከ2016 ወዲህ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ በሚል ስም ይጠራል። ብጉር የሌለው ሰው ቆዳም በዚሁ ባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ መገኘቱ ብቻውን ሰውን አያሳምምም። ችግሩ የሚመጣው በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ የሰውነት መከላከያ ኃይል ሲነሣበት ነው፤ አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። የቀዳዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ የፈነዳ እንደሆነ ቁጣው ወደ ጥልቀት ወርዶ የሚያም ቋጠሮ ይሆናል፤ ሲድንም ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ የወዙ ብዛት፣ የሕዋሳቱ አረጋገፍ፣ የባክቴሪያው ዓይነትና የመከላከያው ቁጣ አንድ ላይ ተገናኝተው ብጉርን ይሠራሉ። ዘረመል ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ እጁ አለበት።

የውርስን ድርሻ ለመመዘን ተመራማሪዎች ከተጠቀሙባቸው መንገዶች ዋነኛው የመንታዎች ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማንኛውም ወንድማማችና እኅትማማች በአማካይ ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንታዎች በአንድ ማሕፀን ተፀንሰው በአንድ ቤት ስለሚያድጉ፣ ከአንድ እንቁላል የተገኙት በብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ የሚመሳሰሉ ከሆነ ለተጨማሪው መመሳሰል ምክንያት የሚሆነው ዘረመል ነው።

በ1988 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 20 ጥንድ ከአንድ እንቁላል የተገኙና 20 ጥንድ ከሁለት እንቁላል የተገኙ መንታዎችን አነጻጽሮ ነበር። ከአንድ እንቁላል የተገኙት የሚያመነጩት ወዝ መጠን እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ የብጉራቸው ክብደት ግን ያን ያህል አልተመሳሰለም። ይህ ውጤት ከትልልቆቹ ጥናቶች ባላነሰ ትምህርት ይሰጣል እላለሁ። የወዙ መጠን በውርስ አጥብቆ የተያዘ ሆኖ ሳለ፣ ያ ወዝ ወደ ብጉር የሚለወጥበት መንገድ ላይ ሌላም ነገር እንደሚገባ ያሳያልና።

ከዚያ በኋላ በ2002 በብሪታንያ ሴት መንታዎች ላይ የተደረገው ጥናት እጅግ ሰፊ ነበር፤ 458 ጥንድ ከአንድ እንቁላል የተገኙና 1,099 ጥንድ ከሁለት እንቁላል የተገኙ መንታዎች ተሳትፈውበታል። ተመራማሪዎቹ በሴቶቹ መካከል ከታየው የብጉር ልዩነት 81 በመቶ ያህሉ በዘረመል እንደሚገለጽ፣ የቀረው 19 በመቶ ደግሞ እያንዳንዷ ለብቻዋ ከገጠማት የአካባቢ ሁኔታ የሚመነጭ መሆኑን አሰሉ። አብሮ ማደግ፣ ማለትም አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ሳሙና፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚታይ ድርሻ አላገኘም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የታሰበኝ ወንድሜ ነው።

ሆኖም 81 በመቶ የሚለው ቁጥር በብዙ ጽሑፎች ላይ በተሳሳተ መንገድ ሲተረጎም አያለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ቁጥሩ «ብጉር ካለበት ወላጅ የተወለደ ልጅ 81 በመቶ ብጉር ይወጣበታል» ማለት አይደለም። የአንድ ሰው ብጉር 81 በመቶው ከዘሩ፣ 19 በመቶው ከኑሮው መጣ ማለትም አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ልዩነት ነው፤ በአንድ በተወሰነ ሕዝብ መካከል፣ በተወሰነ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ፣ ሰዎች በብጉር የሚለያዩት ምን ያህል በዘረመላቸው ስለሚለያዩ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የኑሮው ሁኔታ ከሥሩ ቢለወጥ ቁጥሩም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በዚያው በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች በፓፑዋ ኒው ጊኒ የኪታቫ ደሴት ነዋሪ የሆኑ 1,200 ሰዎችንና በፓራጓይ የሚኖሩ 115 የአቼ ሕዝብ አባላትን መርምረው አንድም ብጉር ያለበት ሰው አላገኙም። ሁለቱም ሕዝቦች የተጣራ ስኳርና ዱቄት የማይበዛበት አመጋገብ ነበራቸው። አንዳንዶች ይህን ጥናት ይዘው ብጉር ሙሉ በሙሉ የምግብ ጉዳይ ነው ወደሚል መደምደሚያ ዘለሉ። እኔ ግን ከዚህ ያን ያህል ርቆ መሄድ የሚቻል አይመስለኝም፤ ተነጥለው የኖሩ ሕዝቦች ከሌላው ዓለም በምግባቸውም በዘረመላቸውም ስለሚለዩ ሁለቱን ለያይቶ መመዘን አይቻልም። የአካባቢ ሁኔታ ብጉርን የሚያነሣሣ ወይም የሚያስተኛ ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ጥናቱ ያመለክታል። ስኳርና የተጣራ ዱቄት እንደ ልብ በሚገኝበት ኑሮ ውስጥ ግን ያንኑ በልቶ ማን በብጉር እንደሚሸፈንና ማን እንደሚተርፍ በብዛት የሚለየው ዘረመል ነው። ሁለቱ አባባሎች እርስ በርስ አይጋጩም።

የቤተሰብ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። አባታቸው፣ እናታቸው ወይም ወንድም እኅታቸው ብጉር የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ለብጉር የተጋለጡ መሆናቸው በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል፤ ከ25 ዓመት በኋላ የሚቀጥለው የአዋቂዎች ብጉርም በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ አለው። በ2006 የወጣ የፈረንሣይ ጥናት ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ ያላቸው ታካሚዎች ብጉሩ በለጋ ዕድሜ እንደሚጀምራቸው፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎች እንደሚበዙባቸውና ጠንካራው መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን ከተሰጣቸው በኋላ እንኳ ብጉሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አመለከተ። ውርስ እንግዲህ ብጉሩ የሚወጣ ወይም የማይወጣ መሆኑን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚጀምርና ለሕክምና እንዴት እንደሚመልስም ይነካል።

ዘረመል እንዴት እንደሚሠራ በጉልህ የሚታየው በአንድ ጂን ለውጥ ምክንያት በሚመጡ ብርቅዬ ሕመሞች ላይ ነው። ለምሳሌ አፐርት ሲንድረም በሚባለው ሕመም የተወለዱ ልጆች የራስ ቅላቸው አጥንቶች ያለጊዜያቸው ይጋጠማሉ፤ ጣቶቻቸውም ተጣብቀው ይወለዳሉ። ምክንያቱ ኤፍጂኤፍአር2 በተባለ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጉርምስና ሲደርሱ ብርቱ ብጉር ይወጣባቸዋል፤ ያውም በተለምዶ ብጉር በማይደርስበት በክንዳቸው ላይ ሳይቀር። በ1998 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ከዚህም የሚያስገርም ነገር ገለጹ። ብጉሩ በአንድ የሰውነቱ ክፍል ላይ ብቻ በመስመር ተሰድሮ የወጣ ልጅ ነበር፤ ከዚያ መስመር ላይ የተወሰደው ቆዳ ሲመረመር ያው የአፐርት ለውጥ ተገኘበት፤ ብጉር በሌለበት ቆዳው ላይ ግን ለውጡ አልነበረም። ልጁ ለውጡን ከወላጆቹ አልወረሰውም፤ በማሕፀን ሳለ ከአንዲት ሕዋስ ተነሥቶ ከእርሷ ወደተባዛው የቆዳ መስመር ብቻ የተላለፈ ነው። በአንድ ልጅ አካል ላይ፣ በአንድ ደም፣ በአንድ ሆርሞን፣ በአንድ ምግብ፣ ጂኑ በተለወጠበት መስመር ላይ ብጉር ወጣ፤ ባልተለወጠበት አልወጣም። ስለ ብጉርና ዘረመል ካነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል አሳማኝ ማስረጃ አላጋጠመኝም።

ሌላው ፓፓ ሲንድረም የሚባለው ነው። ይህ ሕመም መገጣጠሚያን የሚያቆስል፣ ቆዳ ላይ ክፉ ቁስል የሚያወጣና ብርቱ ብጉር የሚያስከትል ሲሆን፣ ምክንያቱ በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ፒኤስቲፒአይፒ1 የተባለ ጂን መሆኑ በ2002 ታውቋል። ጂኑ የሰውነት መከላከያን ቁጣ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው፤ ከሁለቱ ወላጆች ከአንዳቸው የተበላሸውን ቅጂ መውረስ ብቻ በሽታውን ለማምጣት ይበቃል።

በተቃራኒው ብጉር ፈጽሞ የማያውቃቸው ሰዎችም አሉ። የአንድሮጅንን ተቀባይ የሚሠራው ጂን ሙሉ በሙሉ የማይሠራላቸው ሰዎች ቴስቶስትሮን የተባለው አንድሮጅን በደማቸው ውስጥ ሞልቶ እያለ ብጉር አይወጣባቸውም፤ ሆርሞኑ ቢኖርም ዕጢው አይሰማውምና። ላሮን ሲንድረም ያለባቸውና የእድገት ሆርሞን ተቀባያቸው በጂን ለውጥ ምክንያት የማይሠራ ሰዎችም እንዲሁ ከብጉር የተጠበቁ ሆነው ተገኝተዋል። ላሮን ያለባቸው ሰዎች የሚያንሳቸው አይጂኤፍ1 የተባለው ሆርሞን ነው፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ ስኳር የበዛበት ምግብና ወተት ከሚያሳድጓቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ምግብና ብጉር ተያያዥ ናቸው የሚሉት ወገኖች ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ምግቡ የሚሠራው ግን ዘረመል በዘረጋው መንገድ ላይ ነው።

ሆኖም ብጉር ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ከእነዚህ ብርቅዬ ሕመሞች አንዱም የለባቸውም። የእነርሱ ተጋላጭነት እያንዳንዳቸው እጅግ ትንሽ ጉልበት ካላቸው ብዙ የጂን ልዩነቶች ድምር የሚመጣ ነው። እነዚህን ለማግኘት የሺዎች ሰዎችን ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ አስፈልጓል። በ2014 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ብርቱ ብጉር ያለባቸውን 1,893 ሰዎች ከ5,132 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው በክሮሞሶም 1፣ 5 እና 11 ላይ ሦስት ቦታዎችን ለዩ። በሦስቱም ቦታዎች አጠገብ ያሉት ጂኖች ቲጂኤፍ ቤታ ከሚባለው፣ የሕዋሳትን እድገትና የቁስልን አፈዋወስ ከሚመራው የመልእክት መስመር ጋር የተያያዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቻይና የሃን ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት ሌሎች ሁለት ቦታዎችን አገኘ። በ2018 የወጣው ጥናት 5,602 ብርቱ ብጉር ያለባቸውን ሰዎች አካትቶ ቦታዎቹን ወደ 15 አሳደገ፤ በ2022 ደግሞ 20,165 ብጉር ያለባቸውን ሰዎች የያዘ የጥናቶች ድምር ቁጥሩን 46 አደረሰው።

የ2018ቱ ግኝት በተለይ ትኩረቴን ስቦታል። ከተገኙት ጂኖች መካከል ደብሊውኤንቲ10ኤ እና ኤልጂአር6ን የመሳሰሉት የፀጉር ሥር የሚቀረጽበትንና የሚታደስበትን ሥራ የሚመሩ ናቸው። ይህ ማለት ለብርቱ ብጉር የሚያጋልጠው ነገር በከፊል የፀጉር መውጫዋ ቀዳዳ አሠራር ራሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀዳዳዋ ገና በፅንስነት ዘመን እንዴት እንደተቀረጸች ከዐሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ወዝ ሲበዛ ትደፈን ወይም አትደፈን እንደሆነ ሊወስን ይችላል። ከመወለዱ በፊት በተሠራ ነገር ልጅን በንጽሕና ጉድለት መክሰስ ምን ያህል ግፍ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የወንድሜ ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። ልጅ ከእናቱ ግማሹን፣ ከአባቱ ግማሹን ይወርሳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። የአባታችን ዘረመል ለብጉር የሚያጋልጡና የማያጋልጡ ልዩነቶችን ቀላቅሎ ይዟል፤ የእናታችንም እንዲሁ። እህቴና እኔ ከሁለቱም ወገን የሚያጋልጡት የበዙበት ዕጣ ደረሰን፤ ወንድሜ ያነሱበት ደረሰው። ልዩነቶቹ ተደምረው ከአንድ ወሰን ሲያልፉ በሽታው ይታያል፤ ከወሰኑ በታች ያለው ሰው ግን ብዙ የሚያጋልጡ ልዩነቶችን ተሸክሞም ፊቱ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ወላጆቹ ብጉር ያልነበረባቸው ልጅ በብጉር ሲሸፈን «ይህ ከማን መጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ተዋጥቶ መጥቷል።

የሴቶችን ጉዳይ ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ብጉሯ በአገጭና በመንጋጋ መሥመር ላይ የጸና፣ የወር አበባዋ የሚዛባ፣ በፊቷ ወይም በደረቷ ላይ ወፍራም ፀጉር የሚወጣባት ሴት ብጉሯ የቆዳ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተባለው የሆርሞን መዛባት በቤተሰብ የመደጋገም ጠባይ አለው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አንድሮጅንን ከመጠን በላይ እንዲያመነጩ የሚያደርገው ሲዋይፒ21ኤ2 የተባለ ጂን ጉድለትም አለ፤ ቀላል መልኩ አንዳንድ ጊዜ በማይለቅ ብጉርና በወር አበባ መዛባት ብቻ ራሱን ይገልጻል። እንዲህ ዓይነቶቹ ምልክቶች ያሉባት ሴት የፊት ቅባት ከመቀያየር ይልቅ የሆርሞን ምርመራ እንዲታዘዝላት ሐኪሟን ብትጠይቅ ይበጃል።

ዘረመል የማይገባባቸው የብጉር ዓይነቶች እንዳሉም መዘንጋት የለበትም። ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ፣ ጡንቻ ለማዳበር አናቦሊክ ስቴሮይድ ሲወሰድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየምንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን መጠቀም ሲጀመር ብጉር የሚመስል ፍሬ ሊወጣ ይችላል። ብጉሩ በድንገት የጀመረው ሰው በመጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው የሚጠቀማቸውን መድኃኒቶችና ቅባቶች ነው።

ስለ ዘረመል ይህን ያህል ከታወቀ ዘንድ፣ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጎ ተጋላጭነትን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ምራቅ ተቀብለው «ለእርስዎ ዘረመል የሚስማማ» የቆዳ እንክብካቤ እንሰጣለን የሚሉ ሻጮችም አሉ። የእኔ ምክር ገንዘብን ለዚህ አለማውጣት ነው። በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት የታወቁትን ልዩነቶች ሁሉ ደምሮ ያዘጋጀው የተጋላጭነት መለኪያ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ሊገልጽ የቻለው ቢበዛ 5.6 በመቶውን ነው። በመንታዎች ጥናት ከታየው የውርስ ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹ ጂኖች ገና አልተገኙም ማለት ነው። አባትህና እናትህ በወጣትነታቸው ፊታቸው እንዴት እንደነበር መጠየቅ ያለምንም ወጪ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

በዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ የዲኤንኤ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓ በመጡ ሕዝቦች ላይ ነው። አፍሪካውያን በውስጣቸው ያላቸው ቦታ ጥቂት ነው፤ የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ልዩነት ደግሞ ከዓለም ሁሉ የሰፋ ነው። በአንድ ሕዝብ ላይ የተሠራ የተጋላጭነት መለኪያ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲዛወር ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ብጉሩ ከዳነ በኋላ ጥቁር ጠቃጠቆ ሆኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚቆይ ስለሆነ ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ታካሚዎችንም ከብጉሩ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው። ጉዳቱ የሚበረታበት ሕዝብ ከጥናቱ ውጭ መቅረቱ ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልመለስ። በዘር የሚመጣ ነገር ሕክምና የለውም የሚል እምነት በብዙ ሰዎች ዘንድ አለ፤ አንዳንድ ወላጆችም «እኛም ነበረብን፣ ያልፋል» ብለው ልጃቸውን ያለ ሕክምና ያቆዩታል። ይህ አባባል ብዙ ፊት አበላሽቷል። የዓይን ድክመት በዘር ይወረሳል፤ መነጽር ግን ያስተካክለዋል። ብጉርም እንዲሁ በውርስ ቢመጣም ለሕክምና ይመልሳል። አዳፓሊንን የመሳሰሉ የሚቀቡ ሬቲኖይዶች የሕዋሳቱን አረጋገፍ ያስተካክላሉ፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይቀንሳል፤ ለአንዳንድ ሴቶች የአንድሮጅንን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ ለብርቱው ብጉር ደግሞ የወዙን ዕጢ የሚያኮማትረው አይሶትሬቲኖይን አለ። ይህ የመጨረሻው በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም፤ ልትፀንስ የምትችል ሴትም ያለ ጥብቅ የሐኪም ክትትል ልትወስደው አይገባም። ከሚቀቡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መተው የተለመደ ነገር ግን አጉል ችኮላ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ሐኪም ዘንድ አልቀረበም፤ ያልፋል ተብሎ ነበር፤ ብጉሩ አለፈ፣ ጠባሳው ቀረ። እህቴ ዘግይታ፣ ከጉንጯ ላይ ጥቂት ጠባሳ ከቀረ በኋላ ታከመች። እኔ የእርሷን አይቼ ቀደም ብዬ ስለጀመርሁ ጠባሳ ሳይቀርብኝ ዳንሁ። ሦስታችንም የተሸከምነው ተጋላጭነት ተቀራራቢ ይመስለኛል፤ የለየን ሕክምናው የተጀመረበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ጠባሳ ያስቀረ ብጉር ያለበት ወላጅ ልጁ ላይ የሚመለከተው ምልክት ሊኖር ይገባል። የወዝ ዕጢዎች መንቃት የሚጀምሩት ሌሎቹ የጉርምስና ምልክቶች ገና ሳይታዩ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በአፍንጫ፣ በግንባርና በአገጭ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና ነጭ ፍሬዎች በዚህ ዕድሜ ሲታዩ አብዛኛው ወላጅ እንደ እድፍ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። በልጃገረዶች ላይ ለ5 ዓመታት የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ከጊዜ በኋላ ብርቱ ብጉር የያዛቸው ልጆች ከመጀመሪያው እነዚህ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ከእኩዮቻቸው የበዙባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ቆዳ ሐኪም ሲቀርብ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ጭምር ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ከአባትና ከእናት ወገን ብጉር ማንን እንደያዘ፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረውና መቼ እንደተወው፣ ጀርባና ደረት ነክቶ እንደሆነ፣ ጠባሳ አስቀርቶ እንደሆነ፣ አይሶትሬቲኖይን ወስዶ ተመልሶበት እንደሆነ። ወላጆች የዱሮ ፎቶግራፋቸውን በስልካቸው ይዘው ቢሄዱም መልካም ነው።